ወተቱን ለምን ተውከው?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ ዕድሜዬ 38 ነው። በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት የኩላሊት ጠጠር ይዞኝ ብዙ አሰቃይቶኝ በራሱ ወጣ። ዘንድሮ በሌላኛው ጎኔ መጣ፤ በአልትራሳውንድ 6 ሚሊ ሜትር ነው አሉኝ። ሰው ሁሉ የየራሱን ይመክረኛል። ወተት ተው አሉኝ፣ ተውኩ። ጎመንና ቲማቲም ተው አሉኝ፣ ተውኩ። የአፋር ውሃ ነው ያመጣብህ የሚሉኝ አሉ። ቢራ ጠጣበት፣ ጠራርጎ ያወጣዋል የሚሉም አሉ። ጾምም እጾማለሁ። ለመሆኑ የዚህ ነገር መንስኤው ምንድን ነው? ሦስተኛ እንዳይመጣብኝስ ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ጠጠር ሲነሳ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የወለዱ ሴቶች «ከምጥ ይብሳል» ሲሉ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሰው ተው ያለህን ሁሉ ብትተው አይፈረድብህም። ግን የተውካቸው ሁሉ ያለ ጥፋታቸው ነው የተባረሩት። ዋናው ስህተት ወተቱ ላይ ስለሆነ በእሱ ልጀምር።

ላይ ላዩን ሲያዩት ምክሩ ትክክል ይመስላል። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ካልሲየም አለበት። ወተትም ካልሲየም አለበት። እንግዲያው ወተት ጠጠር ይሆናል። ይሄን የፈጠረው የሰፈር ሰው እንዳይመስልህ፤ እኛው ሐኪሞቹ ነን። ለብዙ ዘመን ጠጠር የያዘውን ሁሉ ወተትና አይብ ስንከለክል ኖረናል። እኔም ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ስንቱን ከልክያለሁ። ዛሬ ባገኛቸው ይቅርታ እጠይቃቸው ነበር።

ነገሩን የገለበጠው እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ጥናት ነው። የሃርቫርዱ ጋሪ ከርሃንና ባልደረቦቹ ጠጠር ይዟቸው የማያውቅ ከ45,000 በላይ ወንዶችን ምን እንደሚበሉ ጠይቀው አራት ዓመት ተከታተሏቸው። ካልሲየም አብዝቶ የሚበላው አብዝቶ ይታመማል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ከምግብ ብዙ ካልሲየም የሚያገኙት ሰዎች፣ ትንሽ ከሚያገኙት ይልቅ በጠጠር የመያዝ ዕድላቸው በአንድ ሦስተኛ ያህል አነሰ።

እርግጥ ሰውን እያዩ መመዝገብ አንድ ነገር ነው፤ ዕጣ አውጥቶ መሞከር ሌላ። እሱን ያደረገው ጣሊያን አገር፣ ፓርማ ከተማ የነበረው ሎሪስ ቦርጊ ነው። ሽንታቸው ውስጥ ካልሲየም የሚበዛባቸውና እንዳንተ ጠጠር የሚመላለስባቸውን 120 ወንዶች ለሁለት ከፈላቸው። ለግማሾቹ የወተት ተዋጽኦ ቀንሶ በቀን 400 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ብቻ የሚገኝበት ምግብ አዘዘላቸው። ሌሎቹን ደግሞ ወተታችሁን አትተዉ፣ እስከ 1,200 ሚሊ ግራም ውሰዱ፣ ጨውና ሥጋ ግን ቀንሱ አላቸው። አምስት ዓመት ጠበቀ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ወተት ከተከለከሉት 60 ሰዎች 23ቱን ጠጠር ተመልሶ ያዛቸው። ወተት ከተፈቀደላቸው 60ዎቹ ደግሞ 12ቱን ብቻ። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛዎቹ ጨውና ሥጋም ስለቀነሱ ምስጋናውን ሁሉ ለወተቱ መስጠት አይቻልም። መከልከሉ ግን ሰውን እንዳላዳነ ያየ ሁሉ አየው።

ምሥጢሩ ኦክሳሌት የሚባል ነገር ነው። ቅጠላ ቅጠልና ኦቾሎኒ መሰል ምግቦች ውስጥ አለ፤ ጉበታችንም ራሱ ይሠራዋል። ከአሥር ጠጠር ሰባት ስምንቱ ካልሲየምና ኦክሳሌት ተጣብቀው የሚሠሩት ነው። አሁን ቆስጣ በላህ እንበል። ኦክሳሌቱ አንጀትህ ደረሰ። እዚያ ከእርጎ ወይም ከአይብ የመጣ ካልሲየም ካገኘ ይያያዙና ሁለቱም በሰገራ ይወጣሉ። ካልሲየም ካጣ ግን ብቻውን ወደ ደም ይገባል፤ ከደም ወደ ኩላሊት። ሽንት ደግሞ መቼም ካልሲየም አያጣም። አንጀት ውስጥ ሊያልቅ የሚችለው ጋብቻ ኩላሊትህ ውስጥ ይፈጸማል። ልጃቸው ያ ጎንህን የያዘህ ነገር ነው።

ስለዚህ ወተቱን መልሰው። በተለይ ከምግብ ጋር ውሰደው፤ ቅጠል ስትበላ አይብ ጣል አድርግበት። ክትፎ በአይብና በጎመን ያሉን እናቶች ኬሚስትሪ ሳይማሩ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው። ይሄ ምክር ግን ለኪኒን አይሠራም። ከርሃን በ1997 ሴቶች ላይ ባወጣው ጥናት የካልሲየም ኪኒን የሚወስዱት በጠጠር የመያዝ ዕድላቸው በ20 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ነበር። ኪኒኑን ከምግብ ውጭ ስለሚውጡት ሳይሆን አይቀርም።

ጎመንህንም መልሰው። እዚህ ላይ አገራችን ውስጥ አንድ ትልቅ መደበላለቅ አለ። በሽተኛው «ጎመን» ይላል፣ ሐኪሙም «ጎመን» ይላል፤ ሁለቱ የሚያስቡት ቅጠል ግን ለየቅል ነው። የሐበሻ ጎመን ኦክሳሌቱ ትንሽ፣ ካልሲየሙ ብዙ ነው። ላንተ ወዳጅ ነው። ቆስጣ ደግሞ፣ ያ ሰፊ ቅጠልና ወፍራም ነጭ አገዳ ያለው፣ ኦክሳሌት የተሸከመ ነው። ስፒናችም እንደዚያው። ገበያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስታያቸው ወንድማማች ይመስላሉ፤ ኩላሊት ዘንድ ግን አይገናኙም። ቆስጣ ካማረህ ቀቅለህ ውሃውን ድፋው፤ ኦክሳሌቱ በከፊል አብሮ ይሄዳል። ቀይ ሥርንና ኦቾሎኒንም አታብዛ። ቲማቲም ግን ምንም አላደረገህም፤ ኦክሳሌቱ ትንሽ ነው። «ፍሬው ኩላሊት ውስጥ ይቀራል» የሚሉት ከሆነ፣ የቲማቲም ፍሬ ከአንጀት ወደ ኩላሊት የሚሄድበት መንገድ የለም።

አሁን ወደ መንስኤው። ሽንት ውስጥ የሟሟ ጨዋማ ነገር ብዙ ነው። ውሃው ሲያንስ ሊሟሟ ያልቻለው ይረጋል። ሻይ ላይ ስኳር ስታበዛ ስኒው ሥር እንደሚቀረው ማለት ነው። ግን ወፍራም ሽንት ያለው ሁሉ ጠጠር አይዘውም። ለምን? አሌክሳንደር ራንዳል የሚባል የፊላዴልፊያ ሐኪም በ1930ዎቹ የሞቱ ሰዎችን ኩላሊት እየከፈተ ያይ ነበር። ሽንት ከኩላሊት ሥጋ ጠብ የሚልባት ጫፍ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አገኘ፤ አንዳንዱ ላይ ትንሽ ጠጠር ተጣብቆበታል። ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2003፣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያ ነጠብጣብ የካልሲየም ፎስፌት ክምችት እንደሆነና ከየት እንደሚነሳ በማይክሮስኮፕ አሳዩ። ጠጠሩ እንደ ችግኝ እዚያ ላይ ተተክሎ ያድጋል። አንድ ቀን ሲነቀል ያን ጊዜ ነው መሪው ላይ የምትታጠፈው። ማን ላይ ነጠብጣቡ እንደሚበዛ በከፊል የዘር ጉዳይ ነው። አባትህን ወይም ወንድምህን ይዞ ከሆነ ያንተ ዕድል ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ይሄን አልጻፍክልኝም።

ዘርህን መለወጥ አትችልም። ውሃውን ግን ትችላለህ፤ ያንተ ጉዳይ እንደሚመስለኝ በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች ኩዌትና ኢራቅ የዘመቱ ወታደሮቻቸውን አጥንተው ነበር። ጠጠር የያዛቸው 182 ወታደሮች በረሃው ከገቡ በኋላ ምልክቱ እስኪታይባቸው የፈጀባቸው በአማካይ 93 ቀን ነው። ሦስት ወር! ላብ ውሃህን ይወስደዋል፣ ኩላሊት የቀረችውን ይቆጥባል፣ ሽንት ይወፍራል። አዋሽን ካለፍክ በኋላ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ ድረስ ያለውን ሙቀት ላንተ አልነግርህም። ዓረብ አገር ግንባታ ላይና መንገድ ላይ የሚውሉ ወገኖቻችንም ይሄንኑ በሽታ ይዘው ሲመጡ አያቸዋለሁ። ሹፌር ደግሞ ሌላ ክፉ ልማድ አለው። ላለመቆም ሲል አይጠጣም።

ይኸው ቦርጊ በ1996 ሌላ ጥናት አውጥቶ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር የያዛቸው 199 ሰዎች ናቸው። ግማሾቹን በቀን 2 ሊትርና ከዚያ በላይ እስክትሸኑ ጠጡ አላቸው። ሌሎቹን ምንም አላለም። ከአምስት ዓመት በኋላ ከጠጪዎቹ 12 በመቶውን፣ ከሌሎቹ 27 በመቶውን ጠጠር መልሶ ያዛቸው። ይሄን ያህል የሚያደርግ መድኃኒት ቢኖር ፋብሪካው ሀብታም ይሆን ነበር።

ልብ በል፤ ቁጥሩ የሽንቱ እንጂ የመጠጡ አይደለም። «በቀን ሦስት ሊትር ጠጣ» ብልህ አዲስ አበባ ይበቃህ ይሆናል፤ ሰመራ ላይ ግን ግማሹ በላብ ይሄዳል። ስለዚህ እንዲህ አድርግ። አንድ የዕረፍት ቀን ሳይሆን አንድ የሥራ ቀን ምረጥ። ባለ 2 ሊትር ባዶ ሃይላንድ ያዝ። ጠዋት ስትነሳ የመጀመሪያውን ሽንት ድፋው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ጠዋት ያለውን ሁሉ እዚያ ሰብስብ፣ የማግስቱንም የመጀመሪያ ጨምር። ሃይላንዱ ሞልቶ ከተረፈ ጎበዝ። ግማሽ ላይ ከቀረ መልስህን አገኘህ። እኔ ዘንድ የመጣ አንድ ሹፌር ይሄን አድርጎ ከግማሽ በታች የሆነ፣ የጠቆረ ጠላ የመሰለ ነገር አሳይቶኛል። ሲያሳየኝ «ዶክተር፣ ሃያ አራት ሰዓት ነው ይሄ!» ብሎ ራሱ ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። አንድ ማስጠንቀቂያ፤ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት መድከም ያለበት ሰው ይሄን አንብቦ ውሃ እንዳያበዛ፤ መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።

«የአፋር ውሃ ነው» ላሉህ፣ ጠንካራ ውሃ (ካልሲየምና መሰል ማዕድን የበዛበት) ጠጠር ያመጣል አያመጣም የሚሉ ጥናቶች እርስ በርስ አልተስማሙም። አለመጠጣት እንደሚያመጣ ግን ይስማማሉ። ውሃው ምላስ ላይ ጨው ጨው የሚል ከሆነ የታሸገ ያዝ፤ እሱም በጨው ምክንያት ነው።

ጨው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ጠላት ነው። ኩላሊት ጨው ስታስወጣ ካልሲየም አብራ ትለቃለች። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 6 ግራም ገደማ፣ 40 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይዞ ሽንት ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀኑ ሙሉ ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል። መንገድ ላይ የሚበላ የፍየል ጥብስ ላይ ስንት እንደሚነሰነስ አንተ ታውቃለህ። ሥጋው ራሱም ቢሆን ሲበዛ ሽንትን ያኮመጥጣል፣ ራሱም ጠጠር መሆን የሚችለውን ዩሪክ አሲድ ይጨምራል፣ ጠጠር እንዳይረጋ የሚከላከለውን ሲትሬት ይቀንሳል። አትብላ አላልኩም። በቀን ሁለቴ አይሁን፤ አብሳይዋንም «ጨው ቀነስ አድርጊልኝ» በላት።

ቢራውን በተመለከተ ያልጠበቅኸውን ልንገርህ። በ2013 በወጣ ትልቅ የአሜሪካ ክትትል ቢራ፣ ቡናና ሻይ የሚጠጡ ሰዎች በጠጠር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር። በስኳር የጣፈጠ ኮላ በቀን አንዴና ከዚያ በላይ የሚጠጡት ደግሞ በሳምንት አንዴ እንኳ ከማይጠጡት በ23 በመቶ ከፍ ያለ። መካሪህ እንግዲህ ጭራሽ አልዋሸም። ግን ቀድሞ የተሠራ ጠጠርን ቢራ ጠራርጎ አያወጣም፤ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው የሽንት ቧንቧ በተዘጋበት ሰዓት በኃይል መጠጣት ሕመሙን ያብሳል እንጂ። ደግሞም መሪ የያዘ ሰው ነህ። ለቡናው ግን ደስ ይበልህ፤ አቦል ቶና ማለትን ማንም አይከለክልህም። በጨው የሚጠጣበት አገር ልጅ ካልሆንክ በስተቀር። ስለ ጫት ምንም አልጻፍክልኝም። መስመሩን ስለማውቅ ብቻ ልናገር፤ ጫቱን የሚያጅበው ለስላሳ ከሆነ በውሃ ቀይረው።

ሎሚስ? ሎሚ ሲትሬት አለው፤ ሐሳቡ ትክክል ነው። ጣሊያን ውስጥ 203 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2022 ውጤቱ ወጣ። በቀን ሁለቴ 60 ሚሊ ሊትር ንጹህ የሎሚ ጭማቂ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ልዩነቱ አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም፤ ብዙዎቹም እያደር መጠጣቱን ተዉት። ውሃህ ላይ ብትጨምቅበት ለመጠጣት ያግዝሃል። መድኃኒት ብለህ ግን አትመካበት። መድኃኒት የሚባለው ፖታሲየም ሲትሬት ነው፤ እሱም በምርመራ ነው የሚታዘዘው። ሌላው ለብዙ ዓመታት ያለ ጥርጥር ስናዝዘው የኖርነው፣ ሽንት ውስጥ የሚወጣውን ካልሲየም የሚቀንሰው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነበር። ስዊዘርላንድ ውስጥ 416 ሰዎች ላይ ተፈትኖ በ2023 ሲወጣ በሦስት የተለያየ መጠን ተሰጥቶም ከባዶ ኪኒን ብዙም አልተሻለም። ጊዜው አጠረ፣ መጠኑ አነሰ እያሉ የሚከራከሩ አሉ። እኔ ከዚያ ወዲህ እጄ ቀዝቅዟል፤ መጀመሪያ ውሃውንና ጨውን ነው የማየው።

ቫይታሚን ሲ በኪኒን የምትወስድ ከሆነ አቁም፤ ሰውነት ወደ ኦክሳሌት ይለውጠዋል። በ2013 የወጣ የስዊድን ጥናት የሚወስዱት ወንዶች ላይ አደጋው እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። ጉሮሮ በተነካ ቁጥር ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ የመግዛት ልማድም ካለህ ተወው። በ2018 በብሪታንያ መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት አምስት ዓይነት የሚዋጡ አንቲባዮቲኮችን ከጠጠር ጋር አያይዟቸዋል። ኦክሳሌት የሚበሉ የአንጀት ባክቴሪያዎችን ስለሚያጠፉ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል።

ጾሙን ፍታ አልልህም። ሁለት ነገር ግን አስብበት። አንደኛው፣ ዐቢይ ጾም ማለት 55 ቀን ያለ ወተት ነው። ያን ጊዜ ካልሲየምህን ከጎመንና ከጤፍ ፈልግ፤ ጤፍ ከስንዴና ከበቆሎ የተሻለ አለው። ጾም ነው ብለህ በቆስጣና በኦቾሎኒ ብቻ አትክረም። ሁለተኛው፣ እስከ 9 ሰዓት ሳይጠጡ በረሃ ላይ መንዳት ለኩላሊትህ ከባድ ነው። የንስሐ አባትህን አማክር፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አያጡም። መጾምህ ካልቀረ ከፈታህበት ሰዓት ጀምሮ እስክትተኛ ድረስ በደንብ ጠጣ፤ ሌሊት ለሽንት የሚያስነሳህን ያህል።

አሁን ስላለው 6 ሚሊ ሜትር። እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆኑት ሽንት ቧንቧ ውስጥ ከገቡ ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ በራሳቸው ይወጣሉ። ከ5 እስከ 10 ያሉት ግማሽ ያህሉ። ያንተ እንግዲህ መሐል ላይ ነው። ቧንቧውን የሚያላላ ታምሱሎሲን የሚባል መድኃኒት ሊታዘዝልህ ይችላል፤ በ2015 በብሪታንያ ከ1,100 በላይ ሰዎች ላይ ሲሞከር በጥቅሉ ብዙ አልረዳም፣ በመጠን ከፍ ላሉ ጠጠሮች ግን ይጠቅም ይሆናል የሚሉ አሉ። እምቢ ካለ ከውጭ በሞገድ መፍጨት ወይም በካሜራ ገብቶ ማውጣት አለ። ሕመሙ ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ጋር ከመጣ ግን፣ ወይም ሽንትህ ጭራሽ ከቆመ፣ ጭነቱ ይቆይ። የተዘጋ ኩላሊት ውስጥ ኢንፌክሽን ከገባ በሰዓታት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ግባ፤ «አዲስ አበባ ደርሼ» አትበል።

ሲወጣ ደግሞ አትጣለው። በአንድ የሻይ ማጥለያ ላይ ሽና (ለዚሁ ብቻ የምትገዛው ይሁን፣ ባለቤትህ እንዳትቀየምህ)። አንድ ታካሚዬ የራሱን በክብሪት ቤት አምጥቶልኝ ነበር፤ ቡናማ፣ እንደ እንጆሪ ጉብጉብ ያለ፣ ከምስር ክክ ያነሰ ነገር። ሰው ይሄን ያህል ያስለቀሰው ያ ነው ቢሉህ አታምንም። ዓይነቱ ከታወቀ ሥራችን ይቀላል። ዩሪክ አሲድ ከሆነ ሽንትን በሚያለዝብ መድኃኒት ሊሟሟ ይችላል፤ ካልሲየም ከሆነ አይሟሟም። ከኢንፌክሽን የመጣ ከሆነ ደግሞ ሕክምናው ሌላ ነው።

የአልትራሳውንዱን ወረቀት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ጠጠሩ ኩላሊት ውስጥ ይሁን ቧንቧ ውስጥ አልነገርከኝም፤ ኩላሊቷ ማበጧንም ከዚያ አያለሁ። የደም ካልሲየምና ዩሪክ አሲድ ካልተለካልህ አስለካ። የሃይላንዱንም ልክ ጻፍልኝ፤ ስንት ላይ እንደደረሰና ምን እንደሚመስል።